ፕላስቲካቸው ያልተላጠ አሥራ ሰባት ካሴቶች

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ሙቀት ውሻውን ሳይቀር ከጋሪ ሥር ባስተኛበት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። የኮምፒውተር ጨዋታ ቅናሽ ነው። በዓመት ስንት ጊዜ «የመጨረሻ ቅናሽ» እንደሚሉ እንጃ፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻው ይመስለኛል። ልጄ ሰናይት ኮምፒውተሬን ከፍታ የገዛኋቸውን ዝርዝር ወደ ታች፣ ወደ ታች ስታወርድ ቆየችና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«አባዬ፣ መቶ አርባ ጨዋታ አለህ። ከፍተህ ያየኸው ዘጠኙን ነው።»

«ዘጠኝ ትንሽ ነው?»

«የጨረስከውስ?»

ሻዬን አማሰልኩ። የሚማሰል ነገር እንኳ አልነበረውም፤ ዕድሜዬን ስኳር ፋብሪካ ጨርሼ ዛሬ ስኳር የተከለከልኩ ሰው ነኝ። «አንድ ጨርሻለሁ» አልኳት። «አንቺ ሳትወለጂ።»

ወንጂ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በፋብሪካው ጥገና ክፍል ረዳት መካኒክ ነበርኩ። የሠራተኞች ክበብ ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገጠም፣ ካሴት እየተሰካበት የሚሠራ የጨዋታ መሣሪያም ነበረን። መሣሪያው የክበቡ፣ ካሴቱ የኔ። ወር በገባ ቁጥር ሞጆ እሄድና ከወደብ የተመለሱ ሾፌሮች ከሚሸጡት አንድ እገዛለሁ። ሾፌሩ «ላንተ ስለሆነ ነው የቀነስኩት» ካለኝ አለቀልኝ።

ገዝቼ ግን አልጫወትባቸውም። በእናቴ ቡፌ ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች አጠገብ፣ ከነፕላስቲካቸው ደረደርኳቸው። በቤታችን አዲስ ዕቃ የሚያረጀው አዲስ እንደሆነ ነው። የሶፋው ላስቲክ በበጋ ጭናችን ላይ እየተጣበቀ እንኳ የሚያነሳው አልነበረም። ካሴቶቹም እንዲሁ ተከብረው አሥራ ሰባት ደረሱ።

ቶሎሳ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ጓደኛ ነበረኝ፤ የክበቡን ቴሌቪዥን የሚያክም እሱ ነው። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ያዘኝ።

«አንተኮ ካሴት ታረባለህ እንጂ አትጫወትም።»

«ጊዜ አጥቼ ነው።»

«ይኸው ክረምት መጣ፣ ፋብሪካው ሊቆም ነው። የፈለግከውን አንዱን እዚሁ ሰው ፊት ጨርስ። ከክረምት በኋላ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የሚነፋው ሳይረን ሳትጨርስ ከነፋ፣ አሥራ ሰባቱም ለክበቡ።»

«ብጨርስስ?»

«ሳምንቱን ሙሉ እዚህ በር ላይ ቆሜ፣ ለመጣው ሁሉ ‘ግቡ፣ ቻምፒዮኑ ውስጥ ነው’ እላለሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔም እሺ አልኩ፤ ሰው ሲስቅብኝ እሺ የማለት የቆየ በሽታ አለብኝ።

የመጀመሪያውን ካሴት ከቡፌው ሳወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ዘጋችብኝ። «ለእንግዳ ያስቀመጥነውን?» አለች። «እንግዳው እኔ ነኝ» አልኳትና ፕላስቲኩን ላጥኩት። ጥርሷ የተነቀለ ያህል ፊቷን አጨማደደች።

ጨዋታው ላይ አንዲት ትንሽ ሰው ግንድ ለግንድ እየዘለለች ወንዝ ትሻገራለች። ማዶ ልትደርስ ስትል ጣልኳት። ደግሜ ጣልኳት። በሦስተኛው ቀን «ይሄ ካሴት ለኔ አልተፈጠረም» አልኩና ሌላ ላጥኩ። የዚያኛው ደግሞ ዋሻ ነው። የሚቀጥለው ገደል። እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሸሽ ክረምቱ ገፋ። ውጪ የአገዳው መንገድ ጭቃ ሆኖ ጋሪ ይውጣል፤ ክበቡ በር ላይ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ ውስጥ ደግሞ እኔ እሞታለሁ። በሞትኩ ቁጥር ቶሎሳ «ጃባዱ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ በርታ ማለት ነው፤ እሱ ሲለው ግን እርም አውጣ ይመስላል።

ሳይረኑ በሚነፋበት ቀን ሁሉንም ልጬ ጨርሼ ነበር። የምሸሽበት ካሴት የለኝም። አፍሬ የመጀመሪያውን መልሼ ሰካሁ። ወንዙ ላይ ወደቅኩ፤ መሄጃ ስላልነበረኝ እንደገና ጀመርኩ። እንደገና። ከዚያ በምን እንደሆነ ሳላውቅ ተሻገርኩ። ከወንዙ ማዶ ዋሻ አለ።

አንጁሎ የሚባሉ፣ ከከምባታ የመጡ የአገዳ ቆራጮች አለቃ፣ በቆሏቸውን እየፈለፈሉ ከኋላዬ ሆነው፣ «ልጄ፣ ይሄ የሁለተኛው ካሴት ዋሻ አይደለም ወይ?» አሉ።

ነው። ከዋሻው ማዶም ገደሉ መጣ፤ የሦስተኛው። አንጁሎ ለሁላችንም ነገሩን ፈቱት። «አንድ አገዳ ነው፤ በየአንጓው ቆርጠው ሸጠውልሃል።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ቶሎሳ ወንበር ይዞ አለቀሰ። አሥራ ሰባቱ ካሴት አንድ ጨዋታ ነበር፤ ልዩነቱ መነሻው ብቻ። አንዱንም አንጓ አልፌ ስለማላውቅ ከጀርባው ያለውን አላየሁም። እነሱ ሲስቁ ግን ጣቶቼ ሥራ ላይ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ስሸሽ እያንዳንዱን ለምጄዋለሁ ለካ። የትኛው ድንጋይ እንደሚናድ፣ የትኛው ወፍ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በስምንተኛው አንጓ ሳቁ ቆመ። በአሥራ ሁለተኛው ቶሎሳ «ጃባዱ» አለ፤ የዚያን ጊዜ ግን ከልቡ ነበር። አሥራ ሰባተኛው ላይ ትንሿ ሰው አንድ ግንብ ጫፍ ወጥታ ባንዲራ ተከለች፤ ክበቡም አንድ ላይ ተነሥቶ በትከሻው ተሸከመኝ። አየር ላይ እንዳለሁ ሳይረኑ ነፋ። ለአገዳው እንደሆነ አውቃለሁ። ለኔ ነው ብዬ ግን እስከ ዛሬ ተቀብዬዋለሁ።

ቶሎሳ ቃሉን ጠበቀ። ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ቆመ፤ እኔ ውስጥ በሌለሁበት ሰዓት ሳይቀር።

«ከዚያስ ተማርክ?» አለችኝ ሰናይት።

«በሚገባ። በወሩ ሞጆ ሄጄ አሥራ ስምንተኛውን ገዛሁ።»

«እሱስ ምን ነበር?»

«ፕላስቲኩን አልላጥኩትም።»

ሰው ያሸነፈው አንድ ነገር ካለ፣ ያልነካው መቶ ሠላሳ አንድ ነገር ሸክም አይሆንበትም፤ ተራው ሲደርስ ያሸንፈዋል። ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት መሆኑን አልደብቅም። ብቻ ትናንት ቅናሹን አልገዛሁም። ወንበሬን ሳብኩና ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን፣ ከዓመታት በፊት የገዛሁትን ከፈትኩ። ወዲያው ሞትኩ። እንደገና ጀመርኩ። ይሄኔ የውጪው በር ተንኳኳ፤ ጎረቤታችን ናቸው፣ እኔን ፈልገው። ሰናይት ስትከፍትላቸው ሰማኋት።

«ይግቡ፣» አለች፣ «ቻምፒዮኑ ውስጥ ነው።»