የመርዶው ፋይል

ደብተሩ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ተራ የተማሪ ደብተር ነበር። ጋሼ ይዘውት የሚቀመጡት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሱቅ ጓዳ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ካርቶኖቹ አጠገብ ነው። ጋሼ የምላቸው የእድራችንን ጸሐፊ ነው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሎስ አንጀለስን መንገድ በቃላቸው የሚያውቁ፣ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ግን ውሻ ያለበት ግቢ እንደገባ እንግዳ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው።

ደብተሩ የመዋጮ ደብተር እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ሰው ሲሞትባችሁ ማን መጥቶ እንዲያረዳችሁ ትፈልጋላችሁ የሚል ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ መስመር አለው፦ ስሙ፣ አድራሻው፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የሚያረዱት ሰዎች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማሳሰቢያ» የምትል ጠባብ ቦታ። ነገሩ የተጀመረው አንዲት አባላችን የአባቷን ሞት በስልክ ከሰማች በኋላ ነው። ሆሊውድ የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ትሠራ ነበር። አንድ የማታውቀው ሰው «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት ላከላት። በዚያች ሁለት ሰው በማትይዝ ዳስ ውስጥ ብቻዋን ስትጮህ፣ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፉባት ነበር። ጋሼ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው፣ «ከእንግዲህ ከእኛ መሀል አንድም ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም» አሉ። ደብተሩን በማግስቱ ገዙ።

ማሳሰቢያዎቹን ማንበብ እወድ ነበር። አንዷ «ልጆቼ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ» ብላለች። አንዱ «ስኳር አለብኝ፣ መድኃኒቴን መውሰዴን ጠይቁ» ብሏል። እኔ የተመዘገብኩ ቀን ሳቄ መጣና «ቁርስ ሳልበላ እንዳታረዱኝ» አልኩ። ጋሼ ከደብተሩ ቀና ብለው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

«ቀልድ ነው ወይስ ልጻፈው?»

«ይጻፉት።»

ጻፉት።

ያኔ እንደ አሁኑ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል የእንግዳ መኪና አቆማለሁ። የምኖረው ካልቨር ሲቲ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው። አርባን ካለፍኩ በኋላ ፕሮግራሚንግ መማር የጀመርኩት ማንም አስገድዶኝ አይደለም። የሚሠራ ነገር ካየሁ ውስጡን ሳላይ አያስችለኝም። ልጅ ሆኜ እትዬ ለአንድ ቀን ቤት ያመጣችውን የመሥሪያ ቤቷን የቀን ማህተም ፈታትቼ ገጥሜው፣ ቁጥሩ አልዞር ብሎ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ ለሳምንት በአንድ ቀን ወጣ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ናዝሬት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ከዚያ ኩላሊቷን ታመመች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ማሽን ላይ ትውላለች። ስደውልላት የምታወራኝ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ እኔ ትምህርት ነበር።

ጋሼ የአንድ ሰው ስም ፍለጋ ደብተሩን ሩብ ሰዓት ሲያገላብጡ አይቼ፣ «ይህንን እኔ በፕሮግራም እሠራልዎታለሁ» አልኩ። ሦስት ወር ያልሞላው ተማሪ አፉ ሰፊ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ፋይል ነበር። ከአራት መቶ በላይ ትናንሽ ፋይሎች በአንዲት አሮጌ ፍላሽ ላይ። በመስኮቱ ላይ ስም የሚጻፍበት ሳጥን አለ። አንድ ፊደል በተጻፈ ቁጥር ፕሮግራሙ አራት መቶውንም አንድ በአንድ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይዘጋል። ይህንን ያኔ አላስተዋልኩትም። ጋሼ በአንድ ጣታቸው የመጀመሪያዋን ፊደል ነኩ። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ሞተ?» አሉኝ።

«እያሰበ ነው።»

«ሶ፣ ይሄ አስቦ እስኪጨርስ ሰውየው በስልኩ ይሰማዋል።»

አፈርኩ፤ ከእፍረቴ ይልቅ ግን «ለምን?» የሚለው በለጠብኝ። ኮምፒውተር ፈጣን ነው አይደል የሚባለው? ታዲያ አራት መቶ መስመር፣ እኔ እንኳ በጣቴ እየጠቆምኩ የምጨርሰው፣ ምኑ ከበደው? መልሱን ያገኘሁት ሥራ ላይ ነው። አንድ እንግዳ መጥቶ ትኬቱን ሰጠኝ፤ እኔም ሰሌዳው ላይ ከተሰቀሉት ቁልፎች የእሱን አንሥቼ፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ፎቅና ቁጥር አይቼ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ቆምኩ። የእኔ ፕሮግራም እንግዳ በመጣ ቁጥር አምስቱንም ፎቅ እየዞረ፣ የእያንዳንዱን መኪና በር ከፍቶ «የማን ነህ?» እያለ የሚዘጋ ሠራተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ብቀጥር በዚያው ቀን አባርረዋለሁ። እየሳቅኩ የእንግዳውን መኪና አመጣሁ።

ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ሰበሰብኩት። ፕሮግራሙ ሲነሣ ፋይሉን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍታል፣ መስመር በመስመር ያነባል፣ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ፍለጋው በጭንቅላቱ ከያዘው ላይ ነው፤ ዲስኩን አይነካም። አንድ አባል አድራሻ ሲቀይር ሙሉውን እንደገና ከመጻፍ ከሥር አንድ መስመር ይጨምራል። ይህንን «ከሥር ጨምር» የሚለውን ከማወቄ በፊት ግን ፋይሉን «ለመጻፍ» ብዬ ከፍቼው፣ የነበረውን ሁሉ ጠርጎ ባዶ አደረገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ሁለት እሑድ ሙሉ ከደብተሩ እየገለበጥኩ መልሼ ጻፍኩት። ጋሼ ደብተራቸውን ቸብ ቸብ እያደረጉ «ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ፤ ተረቱ ላይ ያለውን ሞኝ ለእኔ ትተውልኝ።

ይህንን ለእትዬ ስነግራት በሳቅ ሞተች። ከሳቋ ጀርባ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል።

«አዲስ መዝገብ ሲከፈት አሮጌው ይቃጠላል እንዴ? ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?»

«አሁን አስተካክዬዋለሁ እኮ።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋይሉን ማን እንዳወጣው የት ላይ ይፈረማል?»

«አይፈረምም።»

«እንዴት አይፈረምም? እኔ መዝገብ ቤት ስሠራ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ሳይፈርም ፋይል አይወጣለትም ነበር። የማን ፋይል በስንት ሰዓት እንደወጣ ይጻፍ።»

ልክ ናት አልኩ። በዚያው ሳምንት ሌላ ትንሽ ፋይል ጨመርኩ። ስም በተፈለገ ቁጥር የተፈለገው ስም፣ ሰዓቱና ፍለጋው የፈጀው ጊዜ ከሥሩ ይመዘገባል። ለእኔም ጠቀመኝ፤ ፕሮግራሜ ምን ያህል እንደፈጠነ በቁጥር አየሁበት። ሁለቱም ፋይሎች እኔና ጋሼ በምንጋራው ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ፣ እሳቸው ፌርፋክስ ሲፈልጉ እኔ ካልቨር ሲቲ ላፕቶፔ ላይ ይደርሰኛል። «ፍጥነቱን የሚመዘግብ ነገር አለው» ብያቸዋለሁ። «ኦኬ፣ ኦኬ» አሉኝ፤ የሰሙኝ አይመስለኝም።

ያንን ፋይል ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዤ ማየት ልማድ ሆነብኝ። መጀመሪያ የማየው ጊዜውን ብቻ ነበር። እየቆየሁ ስሙንም ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን የዚያችን የዳሷን ሴት ስም አገኘሁ፤ በላይ በላዩ ሁለት ጊዜ ተፈልጓል። በዚያው ቀን ከሥራ በፊት ፌርፋክስ ሱቁ ውስጥ አገኘኋት። ከባለሱቁ ጋር ስለ ድርቆሽ ዋጋ እየተጨቃጨቀች ትስቃለች። አገር ቤት የቀሯት እናቷ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ሞተዋል፤ እሷ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። እንደ ወጉ በማግስቱ ንጋት ነው የሚያረዷት።

«ምነው፣ ፊትህ ምን ሆኗል?» አለችኝ።

«እንቅልፍ አጣሁ» ብዬ፣ የመጣሁበትን ሳልገዛ ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩ። የሰው መርዶ ከሰውየው ቀድሜ ለመስማት ማን ሾመኝ? ያኔውኑ ያንን መዝገብ ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁትም። ለራሴ የነገርኩት፣ ፍጥነቱን ለመለካት ያስፈልገኛል ብዬ ነው። ውሸቴን ነው። ማወቅ ይጥመኛል።

እሑድ ለእትዬ ደወልኩ። ልጇ አንሥታ «ተኝታለች፣ ትንሽ ደክሟታል» አለችኝ። ሰኞም እንደዚያው። ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። ሻዬን አፍልቼ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ እንደ ልማዴ መዝገቡን ከሥር ጀምሬ አነበብኩ።

ስሜ ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተፈልጓል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ። ፍለጋው የፈጀው ጊዜ ከሰከንድ መቶኛ በታች ነው። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ቁጥር ላይ ነበርና «ጥሩ ነው» አልኩ። ከዚያ ስሙን እንደገና አነበብኩት።

ሰው ሲጨንቀው ምን የማያስበው አለ! ጋሼ ለሙከራ ይሆናል አልኩ። ስልክ ቁጥሬ ጠፍቷቸው ይሆናል አልኩ። በአሥራ አንድ ሰዓት ስልክ ቁጥር የሚፈልግ ማን አለ? አገር ቤት የታመመብኝ ሰው እትዬ ብቻ ናት። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የፋይሉን ፊርማ ያስጀመረችኝ እሷ፣ አሁን ፈርማ የወጣች መሰለኝ።

ስልኬን አነሣሁና የልጇን ቁጥር አወጣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ብደውል በስልክ፣ ብቻዬን ልሰማው ነው፤ ደብተሩ የተገዛው ደግሞ ይህ እንዳይሆን ነበር። በዚህች ሰዓት ጋሼ ሰው እየቀሰቀሱ ይሆናል። አንዱ ከሥራው እያስፈቀደ፣ አንዷ ልጆቿን ለጎረቤት እየተወች ይሆናል። ይህ ሁሉ እኔ ብቻዬን እንዳልሰማ ነው። እኔ ግን በገዛ እጄ በሠራሁት ነገር፣ ወለል ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሰምቼ ጨርሻለሁ። እንደዚያን ጊዜ በራሴ ተናድጄ አላውቅም። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ፊቴን ታጠብኩ፣ አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ወንበሮቹ ላይ ያለውን ልብስ አነሣሁ።

በመስኮት ሳይ የጋሼ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሕንፃውን ሁለቴ ዞረ። ወርጄ ላቆምላቸው ቃጣኝ። ሦስት ሆነው ወጡ፦ ጋሼ፣ ባለቤታቸውና ያቺ የዳሷ ሴት። ጋሼ በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል።

በሩን ከፈትኩላቸው። እንደ ወጉ ተሳሳምን። ስለ ሥራ ጠየቁኝ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወሩ። እኔም «ምነው በጠዋቱ?» አልኩ፤ መጠየቅ ስላለብኝ ጠየቅሁ። የዳሷ ሴት ትክ ብላ ፊቴን አየችኝ። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ያየችው ፊት ነው። እንዳወቅሁ አወቀች። ወደ ጓዳዬ ገብታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቁርስ በልተሃል?»

ረስቼው ነበር። ያን የቀልድ ማሳሰቢያ ራሴ ሁለት ጊዜ በኮምፒውተር ጽፌው ረስቼዋለሁ፤ ጋሼ ግን አልረሱትም። ለካ ሦስተኛው ፍለጋ ለዚህ ነበር።

«አልበላሁም» አልኩ።

ፌስታሉን ፈቱት። በንጋት የተሠራ፣ ገና ያልቀዘቀዘ ፍርፍር ነበር። አራታችንም ከበን ተቀመጥን። እነሱ ለወጉ እየቆነጠሩ እኔ በላሁ። እያንዳንዷን ጉርሻ ቀስ ብዬ አላመጥኩ፤ ማንም አላቻኮለኝም። እኔ እስክጨርስ እትዬ አልሞተችም። የሳህኑ ወለል መታየት ሲጀምር የዳሷ ሴት ሳታየኝ ከራሷ በኩል ያለውን ወደ እኔ ገፋችልኝ።

ጋሼ እጃቸውን ጠርገው፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጠገብክ?» አሉኝ።

«ትንሽ ይጨመርልኝ» አልኩ።