የባለቤቴን ወገን «የተዉልኝ» ሽማግሌዎች

ዛሬ ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከአምባ ጊዮርጊስ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አያ ታከለ፣ ውለታ የዋሉልኝ ይመስል «የእናቷን ነገር ትተነዋል፤ ልጅ የአባቷ ናት» አሉኝ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሸማኔ ልጅ ነበረች። የለበሱትን ጋቢ መቼም ሸረሪት አልሠራላቸውም!

እኔም የልጄ ትዳር እንዳይቀር ፈርቼ አቀረቀርኩ።

ልጄ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። የጠላውን ማሰሮ አስቀመጠችና፦

«አያ ታከለ፣ ሴት ልጅ አንድ ኤክስ ክሮሞዞም ከእናቷ፣ አንድ ከአባቷ ትወርሳለች። ገና ፅንስ ሳለች እያንዳንዱ ህዋስ አንደኛውን ዝም ያሰኘዋል። አንዱ ህዋስ ላይ የእናቴ ዝም ይላል፣ ሌላው ላይ የአባቴ። የትኛውን ትታችሁ የትኛውን ልትወስዱ ነው?» አለቻቸው።

«ምነው ልጄ! በሽምግልና መሀል ትምህርት ቤት ከፈትሽብን?» አሉ አያ ታከለ።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «ዛሬስ ዝም ያለው አባቴ ነው» አለች።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለችም ይህን ንቀት ስንቴ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

ተነሥቼ «የእናቷን ስም በክብር ጠርታችሁ ካልጠየቃችሁ፣ የምሰጠው ልጅ የለኝም» አልኳቸው። ጠላውን ሳይጨርሱ ወጡ። ሸጋ!

እናንተስ፣ መናገር ሲገባችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን አለ? ለማን መቆም ነበረባችሁ?