አማቴ የመለሱልኝ ጥያቄዎች

ዛሬ ጤና ጣቢያ ስለ ልጆች የሚጠየቀውን ስሰማ አይገርመኝም። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? በጣቱ ይጠቁማል? ኦቲዝም የሚሉትን ለመለየት ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኔ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በባሌ ቤተሰቦች ግቢ ሰምቼዋለሁ። የመለሱት ግን አማቴ ናቸው።

ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። አትናገርም፣ ሰው ዓይን አታይም፤ የጓያ ፍሬ በመስመር ስትደረድር ትውላለች። ከጎንደር የመጣ የጤና ተማሪ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «አይ» የተባለው ከግማሽ ካለፈ ለትልቁ ሐኪም እንደሚልካት ነገረን። እኔ የፈለግሁት ያንን ብቻ ነበር። አማቴ ደግሞ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሽማግሌ ተቀብለዋል፤ ከዘራቸው በሽታ አለ እንዲባል አልፈለጉም። ምራት አማቷ ፊት ቀድማ አትናገርምና እሳቸው መለሱ። ትጠቁማለች። ትስቃለች። ከልጆች ጋር ትጫወታለች።

«ስሟን ሲጠሯት ትዞራለች?»

አማቴ ስሟን ጠሩና ወዲያው አጠገባቸው የነበረውን ባዶ የእህል መስፈሪያ ቁና በመዳፋቸው መቱት። ልጄ ያን ድምፅ ትወድ ነበር፤ ዞረች። ተማሪው «አዎ» ላይ ምልክት አደረገ።

«የዞረችው ለቁናው ነው» አልሁ ቀስ ብዬ።

«እሷን አይስሟት» አሉ አማቴ እየሳቁ። «ራሷም ገና ልጅ ናት፤ ሁለቱንም የማሳድጋቸው እኔ ነኝ።»

ተማሪውም ሳቀ። ፊቴን አይቷል፤ ለብቻዬ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር። ምልክቶቹን ደምሮ፣ ልጅቱ ደህና ናት፣ የሚያናግራት አጥታ ነው አለና ሄደ። ይህን እስከ ዛሬ አልተውሁለትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በሽተኛ መሆኗ ቀርቶ እምቢተኛ ሆነች። ተጠርታ ካልመጣች ትገረፋለች። ወንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰዳት ብል ባሌ፣ ጤነኛ ልጅ ምን ልትሆን ነው አለኝ። ወደ ወላጆቼ እንዳልሄድ ክረምቱ ገባ፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው።

ጥር ላይ የባሌ እህት ተዳረች። እንግዳ እንዳያያት ልጄን ይዤ ጓዳ እንድቀመጥ ታዘዝሁ። ሁካታው አስጨንቋት ትጮኻለች። አማቴ ብቅ ብለው ዝም አሰኚያት አሉኝ።

«ጤነኛ ከሆነች ለምን እደብቃታለሁ?» አልኋቸው።

በሩን ከውጭ ቀረቀሩት።