የባሌ ስድስት ጎራሽ እና የጋሽ ኑሪ አፉታ

ትናንት ጠዋት ጋሽ ኑሪ በሬን አንኳኩ... ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ።

ቡታጅራ ውስጥ አንድ ሰፈር እየኖሩ አሥራ አንድ ዓመት መኮራረፍ ቀላል ሥራ አይደለም። ወፍጮ ቤት ትገናኛላችሁ፣ ሠርግ ላይ ትገናኛላችሁ። ባሌ ተስፋዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሥራ አንድ ቀን ሳያጓድል ሠርቶ ነው የሞተው። ጋሽ ኑሪ ለቀብሩ መጥተው እንኳ ድንኳኑ ዳር ተቀምጠው ሄዱ።

ሁለቱ የተኩስ ጓደኛሞች ነበሩ። ሌላው ሰው ከብት ሲያረባ የእኔው ባል አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይሰበስብ ነበር። ሦስት ነበሩት፣ ሦስቱም ፈቃድ ያላቸው። እሑድ እሑድ ሁለቱ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወደ ገደሉ ይወርዱና የቲማቲም ቆርቆሮ ደርድረው ሲተኩሱ ይውላሉ። ቆርቆሮው ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እኔም አልተጎዳሁም። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ፊደል የለየሁት እነዚያን ቆርቆሮዎች እየለቀምኩ፣ ጎረቤቶቼን «ይሄ ምን ይላል?» እያልኩ ነው። «ቲማቲም» የሚለው ቃል መሐሉ ላይ ቀዳዳ እንደሌለው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

አንድ እሑድ ባሌ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ የሚወዳትን፣ እጀታዋ ከቀንድ የተሠራውን ሽጉጥ ይወለውላል። እኔ አጠገቡ ልብስ አጥፋለሁ። ጓ! ጥይቷ በጆሮዬ ሥር አልፋ ግድግዳው ውስጥ ገባች።

«ባዶ ናት!» አለኝ።

ባዶዋ ሽጉጥ ገና ታጨስ ነበር።

በማግስቱ ከቤት ሲወጣ ጠብቄ ሽጉጧን በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩና ጓሮ፣ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኳት። እኛ ሰፈር ወንድ ልጅ ቆጮ ሲቀርብለት ይበላል እንጂ ጉድጓዱን ከፍቶ አያይም። ከባንክ የተሻለ ቦታ ነው። ለአንድ ወር ያህል፣ ልብ እስኪገዛ ብዬ ነበር...

ባሌ ግን ልብ ሳይሆን ሌባ አገኘ።

«ኑሪ ነው! ሽጥልኝ፣ ሽጥልኝ ሲለኝ አልነበር?»

ሦስተኛው ቀን ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሽ ኑሪ በልጆቻቸው ማሉ። እኔ ለሽማግሌዎቹ ውኃ ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ። ምላሴም አፌ ውስጥ ነበር፤ አረጋግጫለሁ። ዛሬ ብናገር ባሌ ምን ይለኛል፣ ነገ ይሻላል አልኩ። ነገም፣ ነገ ይሻላል አልኩ።

ከወራት በኋላ ጋሽ ኑሪ አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ስድስት ጎራሽ ባሌ እጅ ላይ አኖሩና «ይኸው ተስፋዬ፣ ይብቃን» ብለው ሄዱ።

«አላልኳችሁም!» አለ ባሌ። ሽጉጧን አገላብጦ ሲያያት እጀታዋ እንጨት ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሽጉጥ ሲያሽ የኖረው ሰብሳቢ ትንሽ አሰበና ደረሰበት። «አየሽ የሌባ ብልጠት? እጀታዋን ቀይሯታል!»

እኔ የቀንዷ እጀታ የት እንዳለች እያወቅኩ፣ በዚያው ሳምንት ከዚያው ጉድጓድ ቆጮ አውጥቼ አበላሁት። አምኖ ሞተ።

እና ትናንት... ጋሽ ኑሪ ወንበር ብሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ውኃም አልፈልግም አሉ።

«ሐጅ ልሄድ ነው ብርቄ። ያስቀየምኩትን ሰው አፉታ ሳልጠይቅ መሄድ አይሆንልኝም። ተስፋዬ ቀደመኝ። በእሱ ፈንታ አንቺ አፉ በይኝ።»

«ለምኑ ጋሼ?»

«ያቺ ሽጉጥ የእሱ አልነበረችም። የዓመቱን በርበሬዬን ሸጬ፣ ቆሼ ከተማ ገበያ ወርጄ የገዛኋት ናት። ሌባ ተብዬም ቢሆን እርቅ ይውረድ ብዬ... ጓደኛዬን አታለልኩት። ይሄ የእሱ ሐቅ አንገቴ ላይ አለ።»

እኚህ ሰው በሠሩት ደግነት ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። እኔ ደግሞ ከእሳቸው ፊት እንደ ዳኛ ተቀምጫለሁ።

ተነሣሁ። ዶማ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ጉድጓዱን ባሌ ከሞተ ወዲህ አልተጠቀምኩበትም። ቆፍሬ ያገኘኋትን ይዤ ገባሁና እግራቸው ሥር አስቀመጥኳት። ብረቷን ዝገት በልቷታል። የቀንድ እጀታዋ ግን ትታወቃለች።

ጋሽ ኑሪ ጎንበስ ብለው እጀታዋን በጣታቸው ጠረጉ።

«የት ነበረች?»

«ቆጮ ጉድጓድ።»

«ግቢውን እኮ ሦስት ጊዜ ፈትሸናል! እኔ ራሴ አብሬ ፈትሻለሁ!»

«ጉድጓዱን ከፈታችሁት?»

«ወንድ ምን ሊያደርግ ይከፍተዋል?» አሉና ሊስቁ ከጀላቸው። አልሳቁም። «ዘሃራን ታውቂያለሽ... ባለቤቴን... እስከ ዛሬ የሣጥኗን ቁልፍ ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ከእኔ ነው የምትደብቀው።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አፉ በሉኝ ጋሼ።»

«ተነሽ። እዚህ ሁለታችን ብቻ በምንሰማበት? እኔ ሌባ የተባልኩት አገር ሲሰማ ነው።» ከዘራቸውን አነሡ። «ልጄ ፌስቡክ ላይ የምትጽፊውን ታነብልኛለች። የጎረቤትሽ ዶሮ ጎመንሽን መብላቷን ሳይቀር ጽፈሻል። ይሄንንም ጻፊው። ያን ጊዜ አፉ እላለሁ። የምሄደው ሐሙስ ነው።»

ይኸው ጻፍኩ። ሽጉጦቹን ሁሉ፣ የዛገችውንም ጨምሬ፣ ሰኞ ለጸጥታ ጽሕፈት ቤት አስረክባለሁ። ጋሽ ኑሪ ምንም አልሰረቁም። ሽጉጧን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስማቸውንም እንደዚያው።

እትዬ ዘሃራ፣ ቁልፉን ከትራስ ሥር ያውጡት... እኔ ልጠይቅዎት ስመጣ ግን መልሰው ይደብቁት።