የዳክዬው ድምፅ

ወንድሜ ከተቀበረ በኋላም በጓደኛው ላይ ያለኝ ቅናት አልበረደም። ጓደኛው በምንኖርበት የባዕድ አገር ከተማ ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ቢሮ የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ ስብከት የሚያስተረጉም፣ ምላሱ የማይሰናከል ሰው ነው። እኔ እንተባተባለሁ።

ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት የወንድሜ የአንገት ደም ሥር ጠቦ ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። ሦስታችንም ዶክተሩ ፊት ተቀመጥን።

«ደም ሥሩን ለጊዜው ስንቆልፈው ለአንጎሉ የሚደርሰው ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል» አለን ዶክተሩ። «ሙሉ በሙሉ ካስተኛነው ማነሱን የምናውቀው በግምት ነው። አንገቱን ብቻ ካደነዘዝነው ግን ራሱ ይነግረናል፤ ያወራል፣ እጁን ይጨብጣል።» በጭንቅ ሰዓት እንግሊዝኛው ቢጠፋው፣ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አብሮት ይግባ አለ።

«ይ-ይተኛ» አልኩ።

ወንድሜ ወደ ጓደኛው እያየ ሳቀ። «እሱ እንዳይገባ ብለህ እኔ ልተኛልህ?»

«እኔ ልግባ፣ ወንድም ጋሼ።»

«አንተማ ‹እጅህን ጨብጥ› ብለህ እስክትጨርስ ሰልስቴ ይወጣል!»

ጓደኛው ገባ። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረሁ።

የሆነውን የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። ደም ሥሩ እንደተቆለፈ ወንድሜ በልሳን መጸለይ ጀመረ። ዶክተሩ ደነገጠ። አንጎሉ ኦክስጅን አጥቶ ንግግሩ የተበላሸ መሰለው፤ ደም የሚያሳልፈውን ቱቦ አምጡ አለ። «ቆይ ዶክተር፣ እየጸለየ ነው!» አለ ጓደኛው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በአማርኛ ጸልይ፤ ሰዎቹን በድንጋጤ ጨረስካቸው!» ወንድሜ እጁ መሥራቱን ለማየት እንዲጨምቀው የሰጡትን የጎማ ዳክዬ ሲጥ አደረገውና፣ «እሺ፣ ጌታ አማርኛም ይሰማል» አለ።

ኢስትሊ ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስንት ጊዜ ሰማች! ሰው በሳቀ ቁጥር እኔ እቃጠላለሁ። ልሳኑን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ሸሚዙን ሲተኩስ፣ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስንጠብቅ ያጉተመትም ነበር።

አንገቱ ዳነ። በዓመቱ ልቡ ሥራ ቦታው ላይ ቀጥ አለ፤ አንድ ቃል እንኳን አልተናገረም።

ለቅሶው ላይ ሰዎች ጓደኛውን፣ «እስቲ የዳክዬውን ንገረን» አሉት። እሱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድሙ ይንገራችሁ። ልሳኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እየተንተባተብኩ ጀመርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ዳክዬው ጋ ስደርስ «ሲጥ ሲል ሰ-ሰማነው» አልኩ። ውስጥ እንዳልነበርኩ ሁሉም ያውቃል። ጓደኛው አላረመኝም።

አሁንም ሳወራው «ሰማነው» ነው የምለው። ጓደኛው ካለ ደግሞ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።