የአባቴ ክንድ በነፃ

ሰውዬውን ገና ሳየው ጠላሁት። ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ከረባቱን እያስተካከለ «ሶፍትዌራችን» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ነጠላ ወይም ጋቢ ስንት ድርና ማግ እንደሚፈጅ በስልክ የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረው፣ ካሻው እንዲሸጠውም ፈቅጄ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። እሱ ወሰደና አርማውን ለጥፎ ለማኅበሩ ሸጠው።

ወደ አዳራሹ ይዞኝ የሄደው አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሸምን የኖረ ሰው፣ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ መዋሌን እንደ ሥራ ቆጥሮት አያውቅም። ያን ቀን እንኳ የመጣው ሰውዬው እንዲቀጥረኝ ሊለምንልኝ ነበር። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ የምሠራውን ሥራ ብሎ እንዲጠራልኝ።

እንደ ባለከረባቱ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። ዛሬ ዓለም የሚሄደው በነፃ በተሰጠ ኮድ ነው፤ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ እጃችን ላይ ያለው ስልክም። ግዙፎቹ ኩባንያዎች እንደኔ ካለው ሰው ጓዳ ያፈሱትን ይቸበችቡና በዓመት አንዴ «ማኅበረሰባችን» እያሉ ቲሸርት ያድሉናል። እኛ ጅሎቹም ለብሰን ፎቶ እንነሳለን። እኔ ሁለት አለኝ።

አንድ ሸማኔ ተነስቶ፣ «ይሄ ነገር ግዙ ያለንን ያህል ስንገዛ ሁሌ ድር ይተርፈናል» አለ።

ሰውዬው ፈገግ አለ። ፈገግታው ራሱ ያስጠላል። «አባቶቼ፣ ልኬቱ በውጭ አገር ባለሙያዎች የተጠና ነው። አንድ ክንድ ማለት ይኸውላችሁ» ብሎ ቁጥሩን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየ።

አንገቴን ደፋሁ። የውጭ አገር ባለሙያ ተብዬው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን ስጽፍ አባቴ መወርወሪያውን አስቀምጦ ሲያርፍ ጠብቄ፣ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ በሜትር ለካሁትና ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሸማኔ ሁሉ የሚለካው በገዛ ክንዱ ስለሆነ፣ «ቁጥሩን በራሳችሁ ክንድ ቀይሩ» ብዬ እዚያው ኮዱ ውስጥ በአማርኛ ጽፌያለሁ። በአማርኛ! ሰነፉ ቀጣፊ የሰረቀውን እንኳ አላነበበም።

አባቴ ቁጥሩን ትክ ብሎ አየ። ወደ ፊት ሄደና ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ አንድ ሸማኔ ጓደኛው በሜትር ለካው። ልክ ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ሆነ። የአባቴ ክንድ ከሁሉም እንደሚረዝም ሽሮ ሜዳ ያውቃል፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው «ሕጋዊ ነው፣ ፈቃድ አለው» እያለ ያልበዋል። ያሳዝናል፤ እውነቱን ነው።

አባቴ ግን የሚያየው እኔን ነው። «ያኔ የለካኸኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ አባዬ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዲወስደው ብዬ ሰጠሁት።»

ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ ሸማኔዎቹ ስልኮች አየ። «ሥራስ ሥራ ነው» አለ።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ደስታዬን ሳላጣጥመው ክንዱን ከጠረጴዛው አነሳና እጅጌውን ዝቅ አደረገ።

«የሰጠኸው ግን የኔን ክንድ ነው» አለኝ። «እኔን ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኩትም ነበር።