በሰልፍ ቀን የተቆጠረ አደባባይ

ተኝተሃል ተባልኩ። አልተኛሁም። በሐሰት ከቆጣሪነት አውርደው ዘበኛ አደረጉኝ።

ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቁጥር መጻፍ ስችል መሥሪያ ቤታችን ከጉልበት ሥራ አንስቶ ቆጣሪ አደረገኝ። አዋሳ መሃል ከተማ ያለው አደባባይ በሰዓት ምን ያህል ተሽከርካሪ ማሳለፍ እንደሚችል ሊገመት ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚገባውን መኪና፣ ጋሪና ብስክሌት ለየብቻ በጭረት እይዛለሁ። ለእኔ ሹመት ነበር። ባለቤቴም ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

የቆጠራውን ቀን የቆረጠው አለቃዬ ነው። ለዚያው ቀን ሰልፍ ተጠራ። አውቶቡሱም የጭነት መኪናውም ከማለዳ ሰው ጭኖ ሄዶ የሰልፉ ሜዳ ላይ ቆመ። አደባባዩ ለጋሪ ፈረስ ቀረ። ቀኑ ይለወጥ ብዬ ለአለቃዬ ነግሬው ነበር።

«አንተ ያየኸውን ጫር፤ ማሰቡ የእኛ ፋንታ ነው» አለኝ።

ያየሁትን ጫርኩ። በዚያ ቁጥር አደባባዩ ይበቃል ተብሎ የታሰበው ማስፋት ቀረ። ብዙ ሳይቆይ በገበያ ቀን መኪናና ጋሪ ተቆላልፎ መላወሻ ጠፋ። ከበላይ ጥያቄ መጣ። ሌላ ሰው በአዘቦት ቀን ደግሞ ቢቆጥር ከእኔ እጅግ በለጠ። አለቃዬ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

በሠራተኛው ስብሰባ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። የዘመኑ ደንብ ነው፤ ተነስተህ ጥፋትህን በገዛ አፍህ ትናገራለህ። አዳራሹን የሞላው ሠራተኛ ያን ቀን በእነዚያው መኪናዎች ተጭኖ ሰልፍ የወጣ ነው። ያውቃል። አንገቱን ደፋ። የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት የነበረችው ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣለች።

«ጓድ፣ ፊደል ስትቆጥር አምሽተህ እንቅልፍ ጣለህ መሰለኝ» አለ አለቃዬ። ተሳቀ።

እምቢ ብል የሚከተለውን ፈርቼ፣ «አዎ፣ ተኝቼ ነበር» አልኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ስንወጣ ባለቤቴ፣ «እውነት ተኝተህ ነበር?» አለችኝ።

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ ለምን አልክ?»

ዘበኛ መሆኔን ለጎረቤት አልነገረችም። እኔም የዘበኛ ካፖርቴን አንድም ቀን ለብሼ ወደ ሰፈር አልገባሁም፤ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አውልቄ በብርድ እሄድ ነበር።

አለቃዬ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲዛወር አቤት አልኩ። አዲሱ ኃላፊ ሠራተኛውን ጠየቀ። የሚፈሩት ሰው ሄዷልና ሁሉም አስታወሰ። አንዱማ፣ «አውቶቡሱ ሁሉ እኛን ጭኖ አልነበር እንዴ?» ብሎ ለእኔው ነገረኝ፣ እንደ አዲስ ወሬ።

በዚያው አዳራሽ ጥፋት የለበትም ተባለልኝና ወዲያው ስለ ዛፍ ተከላ ወሬ ተጀመረ። ወደ ቆጣሪነቴ የተመለስኩት ግንቦት 1979 ዓ.ም. ነው።